ብርሃን የበዛበት ገንዳ

አኳሪየም ቤቱ ያስገባ ሰው ዕፅዋቱ ሲጠወልጉበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው መብራቱን ነው። ሙያዬ ኤሌክትሪክ በመሆኑ እንዲህ ያለው ጥሪ ይደርሰኛል፤ ከካፌ፣ ከጥርስ ክሊኒክ፣ ከሆቴል፣ አልፎ አልፎም ከመኖሪያ ቤት። «መብራቱ አንሷል፣ ጨምርልን» ነው የሚሉት። ሄጄ ሳየው ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መብራቱ ከበቂ በላይ ነው፣ ከማለዳ እስከ ሌሊት ይበራል፣ መስታወቱ አረንጓዴ ለብሷል፣ የዕፅዋቱን ቅጠል አልጌ ተጠምጥሞበታል።

ነገሩ ስለከነከነኝ ወደ ኋላ እየሄድኩ ማንበብ ያዝኩ። የገባኝም ይህ ነው፦ የብርሃን መብዛት ችግር ከአኳሪየም ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ መፍትሔውም የዚያኑ ያህል አሮጌ ነው። አዲስ ዓይነት መብራት በመጣ ቁጥር ሰው ይረሳዋል፤ ከብዙ ውሃ መቀየርና መስታወት መፋቅ በኋላ ደግሞ ያስታውሰዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከአንድ ሐኪም ብንጀምረው ጥሩ ነው። ያን ኢንገንሃውስ ኔዘርላንዳዊ ነበር፤ የኦስትሪያዋን ገዢ የማሪያ ቴሬዛን ቤተሰብ ከፈንጣጣ ለመከላከል ከትቦ ትልቅ ስምና ዳጎስ ያለ ጡረታ ያገኘ ሰው። በ1779 የአውሮፓ በጋ ለንደን አጠገብ የገጠር ቤት ተከራይቶ ከ500 በላይ ሙከራዎችን አደረገ። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ ሻማ ነዶ ባበላሸው አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ ቢቀመጥ አየሩ ተመልሶ እንደሚታደስ አሳይቷል። የፕሪስትሊ ሙከራ ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ምክንያቱም አልተገኘም ነበር። ኢንገንሃውስ ቅጠሎችን ውሃ ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ አኖራቸው፤ ከቅጠሎቹ አረፋ መውጣት ጀመረ። ወደ ጨለማ ሲያስገባቸው አረፋው ቆመ። ሥራውን የሚሠራው የፀሐይዋ ሙቀት ሳይሆን ብርሃኗ መሆኑን የለየው እሱ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ብርሃን አስተፃምሮ እያሉ የሚማሩት ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ቫሊስኔሪያ የምትባል፣ ቅጠሏ እንደ ሣር ጠባብና ረጅም የሆነ ተክል አለች። አንዱን ቅጠሏን ከመሃሉ በመቀስ ቁረጡት። መብራቱ ከበራ ጥቂት ሰዓት ሲያልፈው ፊታችሁን ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርጉና የተቆረጠውን ጫፍ ተመልከቱ። ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ አረፋ ትወጣለች፤ ተከትላት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሳይቋረጡ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይሰለፋሉ። መብራቱን አጥፉት፤ ሰልፉ ይሳሳል፣ ቆይቶም ይቆማል። አብሩት፤ ይቀጥላል። ለደንበኛ ይህን ባሳየሁት ቁጥር ከመለኪያ መሣሪያዬ ይልቅ አረፋዋን ያምናል።

አኳሪየም የሚባለው ነገር በቤት ውስጥ የተስፋፋው ግን ከኢንገንሃውስ ሰባ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ በመስታወት ላይ ከባድ ቀረጥ ነበረ፣ የተነሣውም በ1845 ነው። መስታወት ሲረክስ ሰዉ መስታወት ለሚፈልገው ነገር ሁሉ ልቡ ተከፈተ። በ1849 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል ኬሚስት፣ የለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር በነበረበት ሕንፃ ውስጥ 12 ጋሎን ገደማ የሚይዝ የመስታወት ዕቃ አዘጋጀ፤ በዛሬው ልኬት 50 ሊትርን ትንሽ የሚያልፍ ነው። ውስጡ አሸዋና ጭቃ፣ ድንጋይ፣ የምንጭ ውሃ፣ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሣዎችና ያችኑ ቫሊስኔሪያ አደረገ። ተክሏ ኦክስጅን ትሰጣለች፣ ዓሣዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሱላታል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሰመረለት። ከዚያ የቫሊስኔሪያዋ አሮጌ ቅጠሎች መበስበስ ጀመሩ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ በመስታወቱና በውሃው ፊት ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በቀለ። ዋሪንግተን ኩሬ ውስጥ የሚሆነውን አስቦ ጥቂት የውሃ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውንና አረንጓዴውን ዝቃጭ ጠርገው በሉት፤ እንቁላላቸው ደግሞ ለዓሣዎቹ ምግብ ሆነ። ውጤቱን በ1850 ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ። ስለ አኳሪየም የሚጽፉ ሰዎች እስከዚህ ድረስ ይተርኩና ያቆማሉ። ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዋሪንግተን በተከታዮቹ ዓመታት ገንዳዎቹን እያየ አንድ ነገር ታዘበ። ኩሬና ሐይቅ ብርሃን የሚያገኙት ከላይ ብቻ ነው፤ በአራቱም ጎን መስታወት የሆነ ገንዳ ግን በመስኮት አጠገብ ሲቀመጥ ከየአቅጣጫው ይበራበታል። አረንጓዴው የሚበረታው በዚህ ነው። ስለዚህ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ፊቱ ብቻ መስታወት የሆነ፣ ብርሃን ከአናቱ የሚገባለት ገንዳ ሠራ። በ1860ዎቹ ደግሞ በዌልስ ሜናይ ብሪጅ በምትባል ከተማ ኤድዋርድ ኤድዋርድስ ይህንኑ ይዞ አንድ እርምጃ ሄደ። ሰውየው ሳይንቲስት አልነበረም፤ ጨርቅ ነጋዴ የነበረ፣ ኋላ የብረት ማቅለጫ የከፈተ ሰው ነው። በባሕር ዳር ዓለቶች መካከል የሚቀሩትን ትናንሽ ኩሬዎች ሲመለከት ከርሞ፣ ካዘነበለው ወለል ሥር ጨለማ ክፍል ያለው ገንዳ ሠራ። ውሃው በዚያ ጨለማ ውስጥ ሲያልፍ አረንጓዴነቱን ይጥላል። ዊልያም አልፎርድ ሎይድም በ1871 በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ በተከፈተው ትልቅ አኳሪየም፣ ለሕዝብ ከሚታየው ውሃ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ከምድር በታች በጨለማ አኑሮ እያዘዋወረ ይጠቀም ነበር። እነዚህ ሰዎች ማብሪያ ማጥፊያ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፀሐይ ብቻ ነው። ሥራቸው ሁሉ ያችኑ ፀሐይ መቀነስ ነበር።

ጀርመኖችም አልዘገዩም። ኤሚል አዶልፍ ሮስሜስለር በ1856 «ጋርተንላውበ» በተባለው ተወዳጅ መጽሔት ላይ ስለ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ አኳሪየም ጽፎ፣ በዓመቱ መጽሐፍ አደረገው። እንግሊዞቹ በአብዛኛው ልባቸው ባሕር ላይ ሲሆን፣ ጀርመኖቹ የኩሬ ዕፅዋትን ወደ ሳሎን አስገቡ። በዚያ ዘመን የነበረው ምርጫ የመስኮት ምርጫ ነው፤ ምሥራቅ ይሁን ሰሜን፣ መጋረጃው ይከፈት ይዘጋ። አውሮፓ ውስጥ በታኅሣሥ ብርሃኑ እጅግ አጭር ስለሆነ ዕፅዋቱ ይከሳሉ፤ በሰኔ ደግሞ ገንዳው ሾርባ ይሆናል። በእኛ አገር ይህ ውጣ ውረድ የለም። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ከፍታ ላይ በምዕራብ መስኮት የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ገንዳ ሳይ መጀመሪያ የምለው «አንሱት» ነው።

የኤሌክትሪክ አምፖል ከ1879 በኋላ ቢመጣም ለዕፅዋት ብዙም አልጠቀመም። ከሚወስደው ኃይል ከመቶ አምስት እጅ የማይበልጠውን ብቻ ነው ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጠው፤ ቀሪው ሙቀት ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ሁለት አምፖል የተገጠመበት ገንዳ የላይኛው ውሃ ይሞቃል፣ ዓሣዎቹ ወደ ታች ይሸሻሉ፣ ዕፅዋቱም ያው እንደከሱ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ክዳን የምታውቁት ካላችሁ፣ ውስጡ በዝገት ተበልቶ ሶኬቱ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈረውን ማለቴ ነው፤ በሥራዬ እንደሱ የምፈራው ነገር የለም።

ለውጡ የመጣው በፍሎረሰንት ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1938 ለገበያ አቀረበው፣ በማግስቱ ዓመት በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ሕዝብ አየው። ረጅም ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ብርሃኑን በገንዳው ርዝመት ላይ እኩል ያዳርሳል። ለእኛ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቁጥሩም የሚገርም ነው፤ ቲ12፣ ቲ8፣ ቲ5 የሚባለው የቱቦው ውፍረት በኢንች ስምንተኛ ሲለካ ነው። ቲ12 ማለት 38 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቲ8 ማለት 26፣ ቲ5 ማለት 16። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቲ12 በአሜሪካና በአውሮፓ የአኳሪየም ክዳን ውስጥ ገባ፤ ዕፅዋትን ከመስኮት ርቆ ማሳደግም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላል ሆነ።

በ1960ዎቹ ሲልቫኒያ የተባለው ኩባንያ ግሮ-ሉክስ የሚባል ወደ ሐምራዊ ያደላ ሮዝ ብርሃን የሚሰጥ ቱቦ አወጣ። ሐሳቡ የመነጨው ከአንድ ውብ ሙከራ ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኤንገልማን በ1880ዎቹ አንድ ቀጭን የአልጌ ክር በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ፣ የቀስተ ደመና ቀለማትን በክሩ ላይ ዘርግቶ፣ ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎችን ለቀቀ። ባክቴሪያዎቹ ቀዩና ሰማያዊው ባረፈበት ቦታ ተሰበሰቡ። ስለዚህ ተክል ቀይና ሰማያዊ ይወዳል፣ አረንጓዴ አይፈልግም ተባለ፤ ቱቦውም በዚያ መንገድ ተሠራ። በ1972 ግን ተመራማሪው ኪት ማክሪ በ22 የሰብል ዓይነቶች ቅጠል ላይ ለክቶ ያሳተመው ውጤት ነገሩን አለዘበው። ሙሉ ቅጠል አረንጓዴውንም ብርሃን በደህና ይጠቀምበታል፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር የሆነው ብርሃን በሙሉ ሥራ ላይ ይውላል። ይህ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም «የተክል መብራት» ተብሎ ሮዝ ብርሃን የሚሸጥለት ሰው ዛሬም አለ። የሮዙ ብርሃን እውነተኛ ጥቅም ቀዩን ዓሣ ይበልጥ ማቅላቱ ነው፤ ሥጋ ቤቶች ሥጋው ትኩስ እንዲመስል የሚሰቅሉት መብራትም ዘዴው ይኸው ነው።

የፍሎረሰንት ዘመን ያወረሰን አንድ ደንብ አለ፤ ለአንድ ጋሎን ሁለት ዋት ወይም ለአንድ ሊትር ግማሽ ዋት። ደንቡ በዘመኑ ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም ቱቦው ሁሉ ቲ12፣ ገንዳውም ሁሉ በመጠኑ ተቀራራቢ ነበር። ዋት ግን የሚነግረን መብራቱ ከቆጣሪው ስንት እንደሚወስድ ነው፤ ስንት እንደሚሰጥ አይደለም። ቱቦው ወደ ቲ5 ሲቀጥን፣ ገንዳው ወደ 20 ሊትር ሲያንስ ስሌቱ ፈረሰ። ሌላም ነገር ነበር። ፍሎረሰንት ሳይቃጠል ያረጃል፤ ዓይን ሳያስተውለው ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል። ባለቤቱ አንድ ቀን ሁሉንም ቱቦ በአንድ ጊዜ በአዲስ ይቀይርና በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዳው በአልጌ ይወረራል። የድሮ ሰዎች አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከወራት በኋላ ቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ የፎቶግራፉ ዘመን መጣ። ታካሺ አማኖ በ1954 በጃፓን ኒጋታ የተወለደ፣ በወጣትነቱ የብስክሌት ውድድር ባለሙያ፣ ኋላም የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ የሆነ ሰው ነው። በ1982 የአኳሪየም ድርጅቱን አቋቋመ፤ በ1990ዎቹ የታተሙት መጽሐፎቹ አኳሪየምን ወደ ተራራና ደን ትዕይንት ለወጡት። ገንዳዎቹ ላይ ብርቱ ሜታል ሃላይድ መብራት ይንጠለጠላል፤ ሪቺያ የምትባለው ተንሳፋፊ ተክል ድንጋይ ላይ ታስራ በአረፋ ተሸፍና ታበራለች። የዓለም ወጣት ሁሉ ፎቶውን አይቶ መብራቱን ገዛ። በፎቶው ላይ የማይታየው ግን ውሃው ውስጥ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማዳበሪያው፣ በየሳምንቱ የሚቀየረው ውሃና መቀስ ይዞ የሚቆመው ሠራተኛ ነው። ብርሃን ተክሉን ሥራ ያዘዋል፤ ምግቡ ከሌለ ተክሉ ትእዛዙን መፈጸም አይችልም፣ ብርሃኑን የሚበላው አልጌ ነው። ዋሪንግተን ያየው አረንጓዴ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

መልሱም ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1999 አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ ባሳተመችው መጽሐፍ ተራ የጓሮ አፈር፣ የመስኮት ብርሃንና መጠነኛ መብራት ይበቃል አለች፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አፈሩ ውስጥ ከሚበሰብሰው ነገር ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ መብራቱን ለጥቂት ሰዓት ማጥፋትንም ትመክራለች፤ በዚያ ዕረፍት ውስጥ ውሃው ያለቀበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል። መብራት ሲሄድ ዕፅዋቱ ይሞቱብኛል ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ የሁለትና የሦስት ሰዓት መቋረጥ ዕፅዋቱን ምንም አያደርጋቸውም። ሊያሳስብ የሚገባው ለዓሣዎቹ አየር የሚሰጠው ፓምፕ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ያችኑ ሪቺያን በሙከራ ፈተኗት። ብርሃኑ ደካማ እንደሆነ ትተውት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ብቻ ሲጨምሩላት እንኳ እድገቷ በግልጽ ጨመረ። መብራት ከመጨመር በፊት ሌላ የሚጨመር ነገር አለ ማለት ነው።

አንዲት ካፌ ያላቸው ወይዘሮ ይህን ስነግራቸው አልተዋጠላቸውም። ገንዳቸው ላይ ሦስት መብራት ተደርድሮ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዱን ሲነቅሉት ይጨልማል እኮ፤ እንግዳው ምን ያያል?»

«እትዬ፣ እንግዳው አሁን የሚያየው አረንጓዴ መስታወት ነው። አንዱን እንንቀል፣ ቀሪውን ማታ እንግዳ ሲበዛ እናብራው።»

መስማማቱን ተስማሙ፤ ግን የተነቀለውን መብራት አጥበው፣ በላስቲክ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አላምናቸውም።

አሁን ያለንበት የኤልኢዲ ዘመን ነው። ሰማያዊው ኤልኢዲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ባይሠራ ኖሮ ነጭ ኤልኢዲ አይኖርም ነበር፤ በዚሁ ሥራ የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ከወሰዱት ሦስት ሰዎች አንዱ ሂሮሺ አማኖ ነው። ከአኳሪየሙ አማኖ ጋር ስም እንጂ ዝምድና አይፈለግ፤ ሁለቱም ግን ዛሬ በየገንዳው ላይ አሉ። ታካሺ አማኖ በ2015 ሞተ፤ በዚያው ዓመት በሊዝበን ውቅያኖስ ማሳያ 40 ሜትር የሚረዝም ገንዳ ሠርቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በውስጣቸው ባለው ሜርኩሪ ምክንያት ቲ5ና ቲ8 ፍሎረሰንቶች ወደ ገበያ እንዳይገቡ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ከልክሏል። ስለዚህ ቱቦ ላይ የተመሠረተው ደንብ ሁሉ ከቱቦው ጋር ቢቀበር ይሻላል።

ኤልኢዲ ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። በጥቂት ዋት የሚያሳውር ብርሃን ይሰጣል፤ ገዢው ግን ካርቶኑ ላይ የሚያነበው ዋቱን ስለሆነ «12 ዋት ምን ይሠራል?» ብሎ ትልቁን ያነሣል። ካርቶኑ ላይ ሉመን ተብሎ የተጻፈውን፣ መብራቱ የሚሰጠውን የብርሃን መጠን፣ ፈልጉ። በሙያው ውስጥ ያለው ልማድ ይህ ነው፦ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ለጥላ ወዳድ ዕፅዋት፣ ከ20 እስከ 40 ለመካከለኞቹ፤ ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚጨምር ሰው ብቻ። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 36 ከፍታ ያለው ገንዳ 65 ሊትር ገደማ ነው፤ 1,200 ሉመን፣ ማለትም የ12 ዋት ያህል ደህና ኤልኢዲ፣ ለአኑቢያስ፣ ለጃቫ ፈርንና ለክሪፕቶኮሪን ይበቃቸዋል። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ወንዞች ተክል ናት፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያደገች ናትና ብርሃን አትለምንም። ቀለሙ 6,500 ኬልቪን አካባቢ ያለ ነጭ ይሁን፤ ከዚያ ያለፈው የዓይን ምርጫ ነው።

አዲስ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት የገንዳውን መክደኛ መስታወት አንሥታችሁ ተመልከቱት። ውሃው እየተነነ የሚተወው ነጭ ኖራ ውፍረት ካለው ብርሃኑን ያስቀራል፤ በሆምጣጤ አብሱት። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከዚያ እጥፋት ላይ ወለል ላይ ይፍሰስ። ይህን ሳላስተካክል ከማንም ቤት አልወጣም።

ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ መብራት አይሁን፤ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ የሰዓት ማብሪያ ግዙ። ለአዲስ ገንዳ በቀን 6 ሰዓት ሙሉት፣ ዕፅዋቱ ሥር ሲይዙ ወደ 8 ሰዓት አሳድጉት፣ አልጌ ካያችሁ መልሳችሁ ቀንሱት።